ነገረ ጨርቅ

እንዶድ ለብዙ ዘመን የነጠላ ማጠቢያ ሆኖ ሲኖር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው መመርመር ከጀመሩ ወዲህ ስሙ በዓለም ሊቃውንት ጉባኤ በክብር ሲጠራ፣ በዚያው እንዶድ ታጥቦ በዚያው ወንዝ ዳር የተሰጣው እላቂ ጨርቅ ግን እስከ ዛሬ አንድ መርማሪ እንኳ ሳያገኝ መቅረቱ የዚህን ጸሐፊ የኅሊና ዕረፍት ስለ ነሣው፣ ይህች ሐተታ ተዘጋጀች።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። ጨርቅ አለ፤ ምነው ልብስ አላለም ቢሉ፣ ልብስ ለባሽ አለው፣ ጨርቅ ግን የቤቱ ሁሉ ነውና። አንድም፣ ልብስ ሲያረጅ ጡረታ ይወጣል፣ ጨርቅ ግን ሥራ የሚጀምረው ካረጀ በኋላ ነውና። አንድም፣ መንገደኛ ሲሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይባላል እንጂ «ልብስ ያድርግልህ» ያለ የለም። አእምሮውን የሳተ ሰው «ጨርቁን ጣለ» መባሉንም እናቶቻችን ቃል በቃል ተርጉመው ስለ ያዙት፣ ጤነኛ ሆና እራፊ የምትጥል ሴት በአገራችን አትገኝም።

መዓርጉ እንደሚከተለው ነው። ነጠላ በአዲስነቱ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ጥለቱ ሲደበዝዝ ገበያ ይወርዳል፤ ሲሳሳ እንጀራ ይሸፍናል፤ ከዚያ ዕቃ ያደርቃል፤ ከዚያም ማሰሻ ተብሎ፣ በተወቀጠ ጎመን ዘር የተቀባ ምጣድ ሲያስስ ይኖራል፤ በመጨረሻ ወለል ይወለውላል፣ ወይም በክረምት በበሩ ሥር ተጋድሞ ነፋስ ይከለክላል። መውረድ እንጂ መውጣት የለም፤ ወለል የነካ ጨርቅ ወደ ማድ ቤት መመለሱ በሥርዓቱ የተወገዘ ነው። ናይሎን ግን ከመጀመሪያውም ወደዚህ ማኅበር አይገባም፤ ውሃ አይጠጣም፣ የጋለ ምጣድ ቢነካም ይቀልጣል።

አዘገጃጀቱ እንደ ሌላው ጥበብ ሁሉ ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። አዝራር ይፈታል፤ ስፌቱ ይተረተራል፤ ጠርዙ በመቀስ ጥቂት ከተነከሰ በኋላ በእጅ ይቀደዳል፣ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና፤ ዳሩ ታጥፎ ይዘመዘማል። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነ ሲለያይ ብቻውን አንድ ትውልድ ያስተዳድራል።

ሊቃውንቱን የሚያከራክረው ልብስ ጨርቅ የሚሆንባት ሰዓት የትኛዋ እንደ ሆነች ነው። ጸሐፊው እንደ ደረሰበት ከሆነ፣ ሰዓቲቱን የምታውቀው የቤቱ እመቤት ብቻ ናት፤ ለባሹ አይጠየቅም፣ አይነገረውምም። ባለፈው ጾም ፍቺ ሰሞን፣ ከእጅጌው ጫፍ በቀር ምንም ያልሆነ ነጭ ሸሚዜን ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ቆይቼ እናቴን ብጠይቃት፣ ምጣዱን እያሰሰች ቀና ሳትል፣ «የቱ ሸሚዝ ልጄ? እሱማ ጨርቅ ከሆነ ሰነበተ» አለችኝ። በእጇ የነበረው የግራ እጅጌው ነው።

አምስቱ አዝራሮች በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስድስተኛው በታናሽ ወንድሜ ሱሪ ላይ ነው።