ወጨጫን ድል የመቱ ጀግኖች

አገራችን መቼም ጀግና አጥታ አታውቅም። የዘንድሮዎቹ እሑድ በጠዋቱ፣ ገና ጎዳናው ሳይሞቅ፣ መስቀል አደባባይ ተኮልኩለው ኮስተር ይጠብቃሉ። ዘመቻው ወደ መናገሻ ሱባ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ወደተዘረጋው ጥንታዊ ደን። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል፤ ዘማች ከዘማች እንዳይጠፋፋ። ጀርባው ላይ «ተራራ አይበግረንም» ዓይነት ነገር ተጽፎበታል። ተራራው በበኩሉ ማንንም ልበግር ብሎ አያውቅም።

ትጥቁን በቅርብ ማየት ደግ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ውሃ በቱቦ የሚያጠጣ የጀርባ ቦርሳ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚታጠፍ ዱላ። የአካባቢው እረኛም ዱላ አለው፤ ግን አይታጠፍም፣ ስለዚህ የእሱ መንገድ ስፖርት አይባልም። ያው እረኛ በኮንጎ ጫማው ጥጃ እየነዳ ሰልፉን ከኋላ ደርሶ፣ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ፣ መልስ ሳይጠብቅ ዳገቱ ላይ ይሰወራል። ዘማቾቻችን መልስ ያልሰጡት ንቀው አይደለም። ትንፋሽ አጥተው ነው።

ደኑን በተመለከተ የድሮ ሰዎች ብዙ ደክመዋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ንጉሡ አርቀው አሳቢ ነበሩ፤ ያ ሁሉ ጥድና ዝግባ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ለስፒከር ጥሩ ማስተጋቢያ እንደሚሆን ሳይገለጥላቸው አልቀረም። ጫካ ገብቶ ዝምታ መስማትማ ለመነኩሴ ነው! የእኛ ዘማች ወገቡ ላይ ያንጠለጠላትን ጄቢኤል እስከ መጨረሻው ይከፍታታል። ጉሬዛው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይሸሻል፤ በምኒልክ ስም የሚጠራው ድኩላም ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸጎጣል። ወዲያው ቡድኑ «ዱር እንስሳ አለ ተብለን አንድም አላየን» ብሎ በአስጎብኚው ላይ ያጉረመርማል።

ጥዱ አልቆ፣ ኮሶው አልፎ፣ አስታው ሲጀምር ጫፉ ቀርቧል ማለት ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ። (አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ገደማ ላይ መቀመጧን አሁን ባናነሳው ይሻላል፤ ግማሹን ዳገት ኮስተሩ ወጣው ይባላል።) እዚያ አንድ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ወረፋ አለ። ተራው የደረሰ ይወጣል፣ ጀርባውን ለእይታው ይሰጣል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ስልክ ለያዘው ጓደኛው መመሪያ ያወርዳል፦ «ተራራው ይግባ፤ ሆዴ አይግባ!» ታች ያለው ሜዳ፣ ቀኑ ጥርት ሲል የምትታየው ከተማ፣ ሁሉም ማታ በኢንስታግራም ይታያሉ። አሁን ለማየት ምን አስቸኮለ? በመጨረሻ፣ ድል ያደረጉበት ቦታ ላይ የሚተክሉትን ባንዲራ ስለረሱ፣ ባዶ ሃይላንድ ተክለው ይወርዳሉ።

እንጦጦን የመረጡትም ከጀግንነት አይጎድሉም። እነሱ ሽቅብ ሲወጡ እናቶች ከቁመታቸው የረዘመ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አዝለው፣ ጎብጠው፣ ቁልቁል ይወርዳሉ። ዘማቹ ደግ ነው፤ ዱላውን ከፍ አድርጎ «አይዞዎት እማማ!» ይላል። እማማም ቀና ማለት ስለማይችሉ ጫማውን እያዩ «ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?» ይላሉ። መልሱ ከፎቶው ሥር ይጻፋል፦ «ራሴን አገኘሁት።» ሰኞ ቢሮ ሲገባ እንደገና ይጠፋበታልና ለሚቀጥለው እሑድ ዛሬውኑ ይመዘገባል።

ዝቋላን ያነሳ ሰው ካለ ግን ነገር ይበላሻል። መጋቢት 5 ለአቦ ንግሥ ወደዚያ ወደ 3,000 ሜትር ወደሚጠጋው ጫፍ አሮጊቶች ሳይቀሩ በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። በሶና ጧፍ ብቻ ይዘው። ስንት እርምጃ እንደሄዱ የሚመሰክርላቸው ሰዓት እጃቸው ላይ ስለሌለ ግን፣ በዘመኑ ደንብ ወጥተዋል ለማለት ያስቸግራል።

እኔ ይህን ሁሉ ጉልበት ሳይ የማዝነው ለገንዘቡ ነው። የወጨጫ ጀግና ብዙ ጊዜ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ሊፍት የለም። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን አይቶ ወገቡን ይይዝና የጥበቃውን ሰው በቲፕ ያስወጣዋል። ማክሰኞ ላለመውጣት ይከፍላል፤ እሑድ ለመውጣት ይከፍላል። ስለዚህ ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ውሃ በጠፋ ቀን ጉዞውን እዚያው ደረጃው ላይ አድርጉት። ምዝገባው ይኑር፣ ቲሸርቱም ይኑር፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ እንደ ጫፍ ቆጥሮ እጅ ዘርግቶ ፎቶ መነሳት ይቻላል። የሁለተኛ ፎቋ ወይዘሮ ጀሪካን ከተጨመረ ደግሞ ሰርተፊኬት ይሰጥ። ስፒከሩ ብቻ ይቅር፤ ሌሊት ፈረቃ ሠርተው የተኙ ጎረቤቶች አሉ፣ እነሱ እንደ ጉሬዛው የሚሸሹበት ሌላ ቅርንጫፍ የላቸውም።