ዝገት፦ ምንጩ፣ ዓይነቱና ባለዕዳው

ኦክሲጅን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሲዋሐድ ኦክሳይድ ይፈጠራል። ከምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ስለሆነ ኦክሳይድ ያልገባበት ቤት የለም። የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ኦክሳይዶችን በአራት ይከፍላል። አሲዲክ የሚባለው፣ ለምሳሌ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አምቦ ውሃ ምላስ የሚኮረኩረው በእሱ ነው። ቤዚኩ ያልረጠበ ኖራ ነው፤ ውሃ ሲያፈሱበት ይንተከተካል። አምፎቴሪኩ የዚንክ ኦክሳይድ ሲሆን ከአሲድም ከቤዝም ጋር ይዋዋላል። ገለልተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ገለልተኛ መባሉ ግን አያዘናጋ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል ምድጃ ወጥቶ ሰው ይገድላል።

ይህ አከፋፈል ለተማሪ እንጂ ቤት ለሚያስተዳድር ሰው አይረባም። በቤት ውስጥ ያለው ዋናው ኦክሳይድ ዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ የሚለየው በባሕርዩ ሳይሆን በከፋዩ ነው። በዚህ መሠረት ሦስት ዓይነት ዝገት አለ፦ የአከራይ፣ የተከራይና የጋራ።

የተከራይ ዝገት ከመኝታ ቤቱ በር ማጠፊያ እስከ ባልዲው እጀታ ይደርሳል። ብዙ አያስጠናም፤ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ ዝም ይላል። የጋራ ዝገት የግቢው በር ላይ ይቀመጣል። መድኃኒቱ አንቲረስት የሚባለው ቀይ ቀለም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ዝገትን ለመከላከል ዝገት ቀጥረን ደመወዙን በጋራ እንከፍላለን።

ጥናቱ በእጅጉ የሚያተኩረው በሦስተኛው፣ በአከራይ ዝገት፣ በተለይም «የምስማር ዙሪያ ዝገት» በተባለው ንዑስ ዓይነት ላይ ነው። ቆርቆሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ዚንክ ለብሶ ነው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ለኦክሲጅን እየሰጠ ብረቱን ያተርፋል። ከዚያ አናጢው ይመጣና ምስማሩን ይመታል። ምስማሩ ዚንኩን ይበሳል፤ ከሥሩ ያለው ጎማም ፀሐይ ሲበላው ይሰነጠቃል። ዝገት ውሃና ኦክሲጅን አንድ ላይ ይፈልጋል፤ ሐምሌ ሁለቱንም ያቀርባል።

የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጨዋ ነው፤ ድስቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ውስጡን ይጠብቃል። ዝገት ግን ይረግፋል፤ ሲረግፍ አዲስ ብረት ያጋልጣል፤ ከበላውም ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቀዳዳው ሲሰፋ ምስማሩ ይላላል፣ ውሃውም ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል።

የኮርኒሱ ምልክት ሦስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛው ክብ ቡናማ ነጥብ ነው፤ ይህን የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው። ሁለተኛው እየሰፋ ጠርዙ የሚጠቁር ሲሆን በዚህ ጊዜ አከራይዋ ይጠራሉ። እትዬ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «እሱማ እናንተ ሳትገቡም ነበር፣ ምንም አድርጎን አያውቅም» ይላሉ። ይህ መልስ በሳይንሱ ገለልተኛ ኦክሳይድ ከሚባለው ጋር ይመደባል። ሦስተኛው ደረጃ ጠብታ ነው፤ ሳፋ ይቀርባል፣ አልጋው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ጠብታውም አልጋውን ተከትሎ ይዛወራል።

ጣሪያው ላይ የሚደረጉ ሕክምናዎችም በሁለት ይከፈላሉ። ሬንጅ መቀባት የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ላስቲክ አልብሶ ድንጋይ መጫን ነው። ድንጋዩን ለመጫን የሚወጣው ልጅ በእግሩ ሌላ ምስማር ያነቃንቃል፤ ጥናቱም በዚያው ቀጣይ ናሙና ያገኛል።

ቀሪዎቹ ንዑስ ዓይነቶች፣ የአንቴናው፣ የውሃ መውረጃውና የልብስ ማስጫ ሽቦው፣ ለሌላ አጥኚ ይቆዩ። ሰኔ ገብቷል፤ ላስቲክ ደግሞ ዋጋው ሳይጨምር መገዛት አለበት። እትዬ ግማሹን እከፍላለሁ ብለዋል፤ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን አልተናገሩም።