ያውና፣ መሪው ላይ ተቀምጧል!

ለ፦ ሰመራ ለሚገኘው፣ ለይሉኝታ ስል ስሙን ለማልጠራው የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ
ጉዳዩ፦ ባል ስላገባሁ ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል

የተከበራችሁ የቅርንጫፉ ሠራተኞች፣

የአዳራሻችሁ ቬንቲሌተር ተጠግኖ ከሆነ ደስ ይለኛል። ባለፈው ማክሰኞ አይሠራም ነበር፤ ያላበኝ ግን በሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ከረሳችሁኝ፣ ከመልካ ወረር የመጣሁት ሴትዮ ነኝ። ነጭ ፒክአፕ፣ ሊብሬው በስሜ፣ የባንክ ዕዳውም በስሜ። ዕዳው እስኪያልቅ ባንኩ መኪናዋ ሙሉ ሽፋን ይኑራት ይላል። አዋሽ ያለው ቢሯችሁ «ይሄ ከእኛ ሥልጣን በላይ ነው» ብሎ ወደ እናንተ ሰደደኝ። ገዋኔን አልፈን፣ ሚሌን አልፈን፣ ከጅቡቲ የሚጎርፈውን ከባድ መኪና እየተጋፋን ደረስን። የነዳሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 11 ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ የገጨሁት የራሴን አጥር ብቻ ነው፤ እሱም አልከሰሰኝም።

ፎርማችሁ ስለ ባል የሚጠይቅበት መስመር የለውም። ያነሣሁት ራሴ ነኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው። በ1952 የወጣው የንግድ ሕጋችን በቁጥር 667 መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን በእውነት ይናገር ይላል፤ የደበቀውን ደግሞ ቁጥር 668 ይጠብቀዋል። እኔም አምኜ «አንዳንዴ ባለቤቴ ይነዳታል፤ እሱ ሦስት ጊዜ ገጭቷል» አልኩ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ማን እንደሚነዳለት ሳይጠየቅም ሳይናገርም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፖሊሲውን ይዞ ወጣ።

ሠራተኛችሁ ብዕሯን አስቀመጠች። «ሦስት ጊዜ?» አለች፣ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች እንዲሰሙ አድርጋ። «ምን ምን?» ቆጠርኩላት። አንድ፣ አዋሽ አርባ አካባቢ ሲመሽ ከፕሮሶፒሱ ጥሻ ድንገት የወጣች ግመል። ሁለት፣ ሎጊያ ላይ ቆሞ የነበረ ባጃጅ። ሦስት፣ የመብራት ምሰሶ። ምሰሶው ከየትም ጥሻ አልወጣም፤ ስለ እሱ አልከራከርም። ባለቤቴ መጥፎ ሹፌር ነው። ይህን እናንተ አልነገራችሁኝም፤ እኔ ነኝ የነገርኳችሁ።

«አሁን የት ነው?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጥ በመስኮቱ አየችው።

«ያውና! መሪው ላይ ተቀምጧል!»

ሰውዬው ሙቀቱ ቢያንገበግበው ኤሲ ሊከፍት ወደ መሪው ወንበር ተዛውሯል። መኪናዋ ቆማለች። አዳራሹ ግን ግመሏ ዳግመኛ የወጣች ይመስል ወደ መስኮቱ ግልብጥ አለ። አንዱ «ልጆቻችሁን ሰብስቡ!» ሲል ሳቁ ጣሪያውን ነካ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ሥራ አስኪያጃችሁ ከቢሯቸው ወጡ፤ ባለቤቴም ተጠራ። አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ባንኮኒው ፊት ቆሞ ግጭቶቹን አንድ በአንድ እንዲናገር ተደረገ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ከወረፋው መሀል አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር «ገዋኔ ላይ የገጨሃትስ ፍየል?» አለ። አራት ሆነ። ስለ ፍየሏ እኔም እዚያው ነው የሰማሁት።

ብይኑ ተሰጠ፦ ባልየው መሪ እንደማይነካ ቀበሌ ያረጋገጠው የግዴታ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ አንድ ደመወዝተኛ ዋስ። «ወይ ደግሞ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ፈገግታቸውን ለአዳራሹ እያደሉ፣ «ከተፋታችሁ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አምጪ።»

እዚህ ላይ ትሕትናዬን ትንሽ ጎን ላድርጋት። አያስቅም። በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለን ሰው በማያውቃቸው ሰዎች ፊት አቁማችሁ በሚስቱ አፍ አስቀጣችሁት። ያን ቀን ራቱን አልበላም። ደግሞስ «አንቺ» ያላችሁኝ በየትኛው ዝምድና ነው?

ይቅርታ፤ ወደ አክብሮቴ ተመልሻለሁ። የግመሏን ጉዳይ የአፋር ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው በሁለት ቀን ጨርሰውታል። በእናንተ መንደር ፕሮፎርማ፣ ሰርቬየር፣ «ፋይሉ አዲስ አበባ ነው» እየተባለ ስንት ወር እንደሚያልፍ አላነሣም። የማነሣው የራሴን ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሙሉ ሽፋኑን በከለከላችሁኝ ዕለት፣ በዚያው ባንኮኒ፣ ያችው ሠራተኛ የሦስተኛ ወገኑን መድን አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ሸጠችልኝ። ባለቤቴ የእኔን ፒክአፕ እንዳይጎዳ ቀበሌና ዋስ ያስፈልጋል፤ የሰው ልጅ እንዳይገጭ ግን ማንንም ግድ አልሰጠውም! ምክንያቱን ስፈልግ በ2005 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 799 አስነበቡኝ። ሲወጣ ለሞተ ሰው ከፍ ቢል 40,000 ብር፣ ለተጎዳ ንብረት እስከ 100,000 ብር ብሎ የጻፈ ነበር። ያኔ ግመሏ ከእረኛዋ በልጣ ነበር ማለት ነው። እናንተ ታዲያ ምን ታደርጉ፣ ሒሳብ ታውቃላችሁ።

አደጋ ከፍ ካለ አረቦኑን ጨምሩ፤ ኤክሰሱን ከፍ አድርጉ፤ ካልሆነም «እገሌ ሲነዳ አንከፍልም» ብላችሁ ፖሊሲው ላይ ጻፉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ውል ላይ የባሏ ስም እንዲሁ ተጽፏል፤ ከፍላ ትነዳለች፤ የሳቀባት የለም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር አካባቢያችን ሲንቀጠቀጥ፣ የዶፈን ተራራ እንፋሎት ሲተፋ፣ ስለ ተራራው ደብዳቤ አምጪ ያለኝ አልነበረም። ከዶፈን ይልቅ የምትፈሩት ባሌን ነው።

መልካ ወረር ስንደርስ ሻይ ቤቱ ወሬውን ጨርሶታል፤ ፍየሏ ሳትቀር። ዳጉ፣ የአፋሮች የወሬ ቅብብል፣ ከፋይላችሁ ይፈጥናል።

የጠየቃችሁኝን የግዴታ ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ በእሱ ፈንታ ይህን ጽፌያለሁ። የሦስተኛ ወገኑ ስቲከር መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ደብዳቤውን የሚያደርስላችሁ ባለቤቴ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት፣ እየነዳ ይመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የፒክአፗ ባለቤት