ዓሣ አጥማጆቹ ከነበጋቸው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሌ ዲንሾ የሚገባ የዓሣ አጥማጆች ቡድን መጀመሪያ የሚጠይቀው ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ አይደለም። በግ ስንት እንደገባ ነው። «ዋስትና ነው» ይላሉ፤ ዓሣው እንቢ ቢል ሰው ጦሙን እንዳያድር። መንጠቆው ገና ከፌስታሉ ሳይወጣ፣ ዓሣው እንቢ እንደሚል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል ማለት ነው።

አንድ በግ ደግሞ አይበቃም። ቡድኑ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ ስለዚህ ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት። እኔን የሚያስቀኝ ይኼ ነው። በሀገራችን «ማን ባረከው?» ተብሎ የማይጠየቅበት ሥጋ ቢኖር ዓሣ ነው። በስመ አብ ተብሎም ሆነ ቢስሚላህ ተብሎ የሚታረድ ዓሣ የለም፤ ከውሃ መውጣቱ ይበቃዋል። ሁላችንንም ከአንድ ትሪ ሊያበላን የሚችለው ሥጋ እታች ወንዙ ውስጥ እየዋኘ፣ እኛ ከተማው መሀል ቆመን በሁለት በግ ዋጋ እንጨቃጨቃለን። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ክርክር ይከተላል፤ ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? እሱን ከጀመርነው ሌሊቱም አይበቃንም፤ ልለፈው።

ቦታው መቼም ያምራል። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ጽድና ኮሶ በተቀላቀለበት ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን ማንንም ሳይፈራ ይዘዋወራል፤ ከርከሮው የፊት ጉልበቱን አንበርክኮ ሣር ይግጣል። ሰው ባይናገር፣ ዝምታው ራሱ ይሰማል። ሰው ግን ይናገራል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ድንኳን የት ይተከል የሚለው ነው። የአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ከፍ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ያለውን ደረቅ ቦታ አሳየ። ቡድኑ ግን ውሃው ጥግ ያለውን ለጥ ያለ መስክ መረጠ፤ ፎቶ ሲነሡ ወንዙ ከኋላ ይገባላ! ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል፤ ሌሊት ከተራራው እየወረደ የሚተኛው እዚያው ዝቅተኛው ቦታ፣ ውሃው ዳር ነው። በበጋው ወራት መስኩ አመዳይ ለብሶ የሚያድረው ለዚህ ነው። ስካውቱ ይህን ሁሉ አልዘረዘረም። «እዚያ ይበርዳል» ብቻ ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ስሊፒንግ ባጋችን እኮ እስከ ዜሮ ዲግሪ የሚችል ነው» አለ አንዱ ወጣት፣ እንደ ማጽናናት።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ። እዚህ ግን ዜሮ ላይ አይቆምም።»

ከዚያ ዕቃው ከመኪናው ጣሪያ ላይ ይወርድ ጀመር። ስፒከር፣ ጄነሬተር፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ በርጩማ፣ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት። በመጨረሻም ተጠቅልሎ የታሰረ የፕላስቲክ ሣር ወረደ። አዎ፣ ዛሬ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ረከቦት ሥር የሚነጠፈው። ዓይን እስኪታክት ድረስ አረንጓዴ በሆነ መስክ ላይ የፕላስቲክ ሣር ተነጠፈ፣ ቡናም ተፈላበት። ለምን ቢባል፣ «የታችኛው እርጥብ ነው» ተባለ። ጅብ በማያውቁት ሀገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ተረት በእኛ ጊዜ እንዲህ ይመነዘራል፤ ጅቡ ግን ቢያንስ ቁርበቱን ከቤቱ ተሸክሞ አልሄደም።

ምስሩ አልበስል ሲል «ከፍታው ነው» የሚል ሳይንቲስት አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር፣ ዲንሾ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይም ቢሆን 92 ገደማ ነው። በሁለት ዲግሪ ልዩነት ምስር አያኮርፍም። እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ እሳቱንም እየተፈራረቀ ያልነካካው ሰው አልነበረም። አንዱ የለኮሰውን ሌላው «እንዲህ አይደለም» እያለ ያፈርሰዋል።

አሁን ወደ ዓሣው። እነዚህ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት ይባላል። አንደኛው ልጅ አንድም ዓሣ ሳይነካ ስልኩን ዘርግቶ «ቤተሰብ፣ ዛሬ ሀገር በቀሉን የባሌ ዓሣ ልናሳያችሁ ነው» ብሎ ተናገረ። ሀገር በቀሉ ዓሣ ግን ፈረንጅ ነው። ቡናማውን ትራውት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ አምጥተው ኬንያ ውስጥ፣ አበርዴር ተራሮች ላይ፣ ለስፖርት እንዲሆናቸው ወንዝ ውስጥ ጨመሩት። ከኬንያ ደግሞ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፣ ወደ ባሌ ተሻገረ። ቀዝቃዛና በደንብ የሚፈስ ውሃ ካላገኘ አይኖርም፤ ቆላ ውረድ ቢሉት ይሞታል። ባሌ የተስማማው ለዚህ ነው። በጠባዩ ከመጣ፣ ከደገኛ ዘመዶቻችን ብዙም አይርቅም።

አንድ የማይስማማው ነገር ቢኖር የእኛ ጠባይ ነው። ትራውት ፊቱን ወደ ወንዙ አናት አዙሮ፣ ውሃው ይዞለት የሚመጣውን ነፍሳት እየጠበቀ ይቆማል። ስለዚህ አጥማጁ ከበታች በኩል፣ ከጀርባው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥላውን ውሃው ላይ ሳይጥል መቅረብ አለበት። ብቻውን። ዝም ብሎ። እስቲ ከመካከላችን ይህን የሚችል ማን ነው? ብቻውን ምሳ የበላ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» በሚባልበት ሀገር፣ ብቻውን ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ዝም አይባልም። ይጠየቃል።

ተጠየቀም። ዘንጉን የያዘው ልጅ ከፓርኩ ፈቃድ አውጥቶ፣ እንዴት እንደሚወረወር ከቪዲዮ አጥንቶ የመጣ ጭምት ነበር። ገና አንዴ እንደወረወረ አንዱ መጣና «ያዘልህ?» አለው። ሁለተኛው ቡና ይዞለት መጣ፤ ብቻውን መቆሙ አሳዝኖት ነው። ሦስተኛው ሐዋሳ ላይ በአንድ ጠዋት ስንት ዓሣ እንዳወጣ እየተረከ ትከሻው ላይ ተደገፈ። ሌላዋ ደግሞ «ርቦት ይሆናል፣ የኔ ጌታ!» ብላ ውሃው ውስጥ ፍርፋሪ እንጀራ በተነች። ሁሉም በደግነት ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ጥቂት ቆይቶ ወንዙ ዳር አንድ አጥማጅና አንድ ሙሉ የአማካሪዎች ጉባኤ ተሰየመ። «ወደ ግራ! ወደ ግራ ጣለው!» «ኧረ ወደ ቀኝ ነው፣ ድንጋዩ ሥር!» ልጁ ሁለቱንም ደስ ለማሰኘት መሀል ላይ ወረወረ። መንጠቆው ወደ ኋላ ሲሄድ የአንዱን አማካሪ ሹራብ ያዘ። የዕለቱ ብቸኛ ምርት እሱ ነበር።

ከሰፈሩ ዘፈኑ ተከፍቷል፣ እስክስታውም ደርቷል። ጉባኤው ተስፋ ቆርጦ ወደ ስካውቱ ዞረ።

«ጋሼ፣ ዓሣው የት ሄደ?»

ስካውቱ ወንዙን ቁልቁል አየና «ቅድም እዚህ ነበረ። ዘፈኑን ሲሰማ ወደ ሶፍ ዑመር ሄደ» አላቸው።

እንደ ቀልድ ያምራል፤ እዚህ የሚፈሰው የወይብ ወንዝ በእርግጥ ታች ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ለስፒከሩ ጠበቃ ልሁንለትና ግን፣ ጥፋቱ የዘፈኑ አይደለም። በአየር የሚመጣ ድምፅ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃው ገጽ ተመልሶ ይነጥራል፤ ወደ ዓሣው የሚደርሰው ኢምንት ነው። ዓሣው በግራና በቀኝ ጎኑ ባለው የስሜት መስመር ንዝረትን ነው የሚያዳምጠው፤ የሚያሸሸው መሬቱን የሚመታው እግር ነው። አዝማሪው ንጹሕ ነው፤ ወንጀለኛው ጨፋሪው ነው። ይህን ተነሥቼ ብናገር ኖሮ ለዓሣው ሲባል የሚቀመጥ ሰው ይገኝ ነበር ወይ? በጉ በስሎ ነበር።

የባሌን ትራውት ማን እየጠበቀው ነው ብትሉኝ፣ ሕጉን ብቻ አልጠቅስም። ብቻውን መሆን የማይችል ሕዝብ ባለበት ሀገር፣ ብቻውን ለሚመጣ ሰው ብቻ የሚያዝ ዓሣ ምን ያስፈራዋል?

ሌሊቱን አላበዛውም። ስሊፒንግ ባጉ ዜሮ ላይ ቆመ፣ ብርዱ አልቆመም። ጅብ ሲጮኽ ከሁሉ ቀድሞ መኪና ውስጥ የገባው፣ አዲስ አበባ ዳር ባለ ሰፈሩ ማታ ማታ ጅብ ሲጮኽ እየሰማ የሚተኛ ሰው ነው። «የሰፈሬ ጅብ ያውቀኛል» አለ። ጠዋት ድንኳኖቹ ሁሉ ስካውቱ መጀመሪያ ወዳሳየው ዛፍ ሥር ተዛወሩ፤ ሐሳቡም የአስተባባሪው ሆኖ ተመዘገበ።

ሲመለሱ መንገዱ በሻሸመኔ አድርጎ ባቱ ላይ ያወጣል። እዚያ ሐይቁ ዳር ዓሣው ተጠብሶ ይጠብቃል፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ እንጂ ዝምታ አይደለም። ሁሉም ወረደ። በትልቅ ትሪ የቀረበው ቆሮሶ ነበር፤ ጀርባው እሾሃም፣ ሰውነቱ ጠፍጣፋ፣ ከትራውት ጋር በምንም የማይዛመድ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንዱ ትሪ እየቆረሰ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ እየተቀባበለ በላ። ቅድም ስልኩን ዘርግቶ የነበረው ልጅ ግን ከመብላቱ በፊት አንዱን በጅራቱ አንሥቶ ፎቶ ተነሣና ቴሌግራም ላይ «የባሌው ትራውት በመጨረሻ እጅ ሰጠ!» ብሎ ለጠፈው።

መኪናው ከባቱ ሳይወጣ አድናቆቱ ጎረፈ። ዓሣው ለምን እንዲህ ጠፍጣፋ ሆነ፣ እሾሁ ከየት መጣ፣ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ አክስቱ ናቸው የጻፉት፦ «ጎሽ የኔ ልጅ! በጉንስ ምን አደረጋችሁት?»