መዝጋቢው ሽመላ

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»

ከሱማትራ በስተምዕራብ ቅርንፉድ የሚለቀምባት፣ ጎሽ የሚረባባት ሲሜሉዌ የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት አለች። አንድ ቀን ከዋናው ምድር አንድ ሽመላ መዝገቡን በክንፉ ሥር ሸጉጦ መጣ። ሥራው አደጋ ቢደርስ የትኛው ደሴት ይበልጥ እንደሚጎዳ መመዘን ነበር።

«እማማ፣ የግንብ ቤት ስንት አላችሁ?» ሲል አሮጊቷን ጎሽ ጠየቃት።

«ጥቂት ነው ጌታው። የእንጨቱ ይበዛል።»

«አስፋልትስ? ባሕር የሚመልስ ግድብ? ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ?»

ጎሿ «የለም፣ የለም» ባለች ቁጥር ሽመላው በየረድፉ ዜሮ እየሞላ ወረደ። አጠገባቸው አንዲት እናት ጥጃዋን እያባበለች ታንጎራጉራለች።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ስሞንግ ነዋ! እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1907 ባሕሩ ወጥቶ አያቶቻችንን ጠረጋቸው። የተረፉት ለልጆቻቸው ነገሩ፤ ምድር አጥብቃ ከተንቀጠቀጠች፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ዕቃ ሳይሉ ወደ ኮረብታ መሮጥ ነው። እኛም ይኸው በጨዋታም በእንጉርጉሮም እንቀባበለዋለን።»

«ደስ ይላል፤ ለባህል ክፍሉ አሳውቃለሁ» አለ ሽመላው። በመዝገቡ ላይ ለእንጉርጉሮ የሚሆን ረድፍ ስላልነበረ «እጅግ ተጋላጭ» ብሎ አትሞ በረረ። ዋሽቷል አይባልም፤ ቤቱ በእርግጥ እንጨት ነው።

ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ማለዳ መጠኑ 9.1 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። ያኔ በሕንድ ውቅያኖስ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልተዘረጋም። ቢዘረጋስ? ማዕበሉ ደሴቲቱ ዘንድ ለመድረስ የፈጀበት ዐሥር ደቂቃ ገደማ ነው።

መንቀጥቀጡ ሲበርድ ባሕሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወለሉ ገጦ ወጣ፤ ዓሣው እርጥብ አሸዋ ላይ ይንፈራገጣል። አንድ ጎረምሳ ውሻ ምራቁን እየዋጠ ቁልቁል ሊሮጥ ሲል አሮጊቷ ጎሽ በቀንዷ ጎኑን ጎሰም አድርጋ «ስሞንግ!» ብላ ጮኸችበት። የተጣደው ሩዝ እሳት ላይ ቀረ፤ በር የዘጋም የለም። ሁሉም ወደ ኮረብታው ነጎደ። ኮረብታው ቅርብ መሆኑም በጀ እንጂ ሜዳ ላይ ቢሆኑ እንጉርጉሮው ብቻውን የት ያደርሳቸው ነበር?

ከ78 ሺህ ገደማ ነዋሪ የሞተው 7 ነው። ማዶ፣ ሽመላው ደህና ነጥብ በሰጠው በሱማትራው የአቼ ምድር ግን ከ160 ሺህ በላይ ነፍስ ሞቶ ወይም የገባበት ጠፍቶ ቀረ።

ሽመላው ወሬውን ሰምቶ ሲመለስ ደስታው ወሰን አልነበረውም። አዲስ ረድፍ አስምሮ «እንጉርጉሮ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሞላበት፤ «እጅግ ተጋላጭ» የሚለውንም ሰርዞ «እጅግ ጠንካራ» አለው። ሌሎች ደሴቶችም ስሞንግን በሰሌዳ ጽፈው ባሕር ዳር እንዲያቆሙ ትእዛዝ አስተላለፈ። በሩቁ ደሴት መሬቱ ሳይነቃነቅ ማዕበሉ ከሰዓታት በኋላ ሊደርስ እንደሚችል፣ ያኔም ስሞንግ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ምልክት እንደማይኖር የነገረው የለም። እሱም አልጠየቀ።

«እንግዲህ እማማ፣ ከዕርዳታው ዝርዝር ወጥታችኋል። ለጠንካራ ቆርቆሮ አይታደልም።»

አሮጊቷ ዞር ብላ መንደሩን አየች። የባሕር ዳሩን ቤት ማዕበሉ ወስዶታል፤ ከተረፈውም ብዙውን በማርች 2005 የመጣው 8.6 መንቀጥቀጥ አፍርሶታል። ጥጆቹ በሸራ ሥር ተኮራምተው ዝናብ ይወርድባቸዋል።

«ልጄ፣» አለችው፣ «ፊት ቤታችንን አይተህ እንጉርጉሯችንን አላየህም። አሁን ደግሞ እንጉርጉሯችንን አይተህ ቤታችን ጠፋብህ። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ መጻፍ ያቅታል?»

ሽመላው ገጹን አገላብጦ አየና በምንቃሩ የታችኛውን መስመር ነካ። «መጻፉስ አያቅትም። ግን እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ይፈልጋሉ። ድምሩን ስንት ልበል?»

«ድምሩን እንደወደድክ በል። ቆርቆሮው ስንት ነው?»