አቶ ሲስተም አልገቡም

ቢቸና ከወረዳው አስተዳዳሪም፣ ከደብሩ አለቃም በላይ ደጅ የሚጠናላቸው አንድ ሰው አሉ፤ አቶ ሲስተም ይባላሉ። ፊታቸውን ያየ የለም። ወሬያቸው ግን ከየመስኮቱ አይጠፋም፦ «ሲስተም የለም»፣ «አሁን ነበር፣ ሄደ»፣ «ከሰዓት ከመጣ ሞክሩ»፣ «እኔማ በሠራሁልዎ፣ ሲስተሙ እምቢ አለኝ እንጂ»። የሟች ባላቸውን የመሬት ደብተር በስማቸው ሊያዛውሩ ከእነማይ ገጠር የመጡ አንዲት እናት፣ አንድ መስኮት ላይ ተደግፈው፣ «የኔ ልጅ፣ እኒህ ሲስተም እሚሏቸው ጌታ ለቅሶ ሄደው ነው?» ብለው ጠየቁ። ወረፋው ሳቀ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ አልሳቀም፤ እሱም አይቷቸው አያውቅማ።

ቃሉ በእንግሊዞቹ አገር ብዙ ነገር ተያይዞ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ የሚሠራበት ሥርዓት ማለት ነው አሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ እንደ ዝናብ የሚመጣና የሚቀር ሆነ። ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ አወጡለት። «በሲስተም ያዘው» ካሉ፣ ድምፅ ሳታሰማ በጓሮ በኩል ጨርሰው ማለታቸው ነው። እንግዲህ ሲስተም በሌለበት ቢሮ ጉዳይ በሲስተም ያልቃል። ይህን ለእንግሊዝ ማስረዳት ይከብዳል። ለጎጃሜ ማስረዳት አያስፈልግም።

አገሩ የቅኔ አገር ነዋ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣ የዘመኑን ሥርዓት አፍረጥርጦ ስለተናገረ እብድ ተባለ። የዲማና የቢቸና ሰው ትምህርት ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ በሰም ይናገራል። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ አንድ መሪጌታ፣ ልጁ መስኮቱን ሲዘጋ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይህን ጣል አደረጉ፦

ሲስተም ቆሟል ቢሉኝ፣ እልል ብያለሁኝ፤
ወድቆ ነው የማውቀው፣ እንኳን ቆሞ አየሁኝ።

ሰሙ ስለ ኮምፒውተር ነው። ጥበቃው ስለ ወርቁ ሲጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ስለ ማሽን ነው የምናገር» አሉት። እኔም የማወራው ስለ ማሽን ብቻ ነው፤ አደራ ይመዝገብልኝ።

ሞጣ በኩል ግን ያለ ማሽን የሚሠራ ነገር ነበር። አባይ ላይ ያለው የጥንቱ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። በ1994 እስኪጠገን ድረስ፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሻገር ሰው ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱ ያሳልፉት ነበር። እነዚያ ጎታቾች ሰውን ገደሉ መሃል ላይ አንጠልጥለው «ጠብቅ፣ ገመዱ እምቢ ብሏል» ብለው ምሳ አልወጡም። ያልተማሩ ስለነበሩ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሲስተም ራሱ በእግሩ መጣ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ ባላገሩ ሲዘልቁ፣ ቢቸናና ሞጣ እምቢ ካሉት ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ የሚገመተው ርስቴ ነገ ይወሰዳል ብሎ ነው። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ተላከ። ያኔ «ሲስተም የለም» ብሎ አቤት ያለ አንድም ገበሬ አልተሰማም፤ አቤቱታው በመምጣቱ ላይ ነበር። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሡ። ጎጃም እንደ ከፋው ቀረ፤ እሳቸውም ወደ ከፋ ተዛወሩ።

ለአቶ ሲስተምም ቢሆን ፍርድ አላጓድልም። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ከክልሉ ሲቋረጥ፣ «ሲስተም የለም» ለአንድ ሰሞን እውነት ሆኖ ነበር። ለዓመታት የተባለ ሰበብ አንድ ቀን እውነት ሲሆን፣ የሚያምነው ሰው ማግኘት ግን ቸገረ።

እንግዲህ ቢቸና ወይም ሞጣ ጉዳይ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ እንሂድ ወይስ እንቅር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንደ ጉዳያችሁ ነው። ካሳ ለመቀበል፣ ደብተር ለማዛወር፣ ጡረታ ለማስጀመር ከሆነ በሶ አስቋጥሩ፣ ማደሪያ የሚሰጥ ዘመድም ፈልጉ። ግብር ወይም መዋጮ ለመክፈል ከሆነ ግን ስንቅ አያሻችሁም፤ በጠዋት ሂዱ፣ ሲስተሙ አለ።