የኤልሳ ጨረቃ ቤት
የዲዝኒው «ፍሮዘን» በ2014 እ.ኤ.አ. በምርጥ አኒሜሽንና በምርጥ ዘፈን ሁለት ኦስካር ወስዷል። የአዲስ አበባዋ ቀራንዮ ግን የራሷ ዳኞች አሏት። ልጆቹ የእናታቸውን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ቋጥረው፣ ዘፈኑን ትርጉሙን ሳያውቁት በእንግሊዝኛ ይጮኻሉ፤ ጎረቤት ይቻለው። እናቶች የተቆጡት በፊልሙ ልዕልት በአና ነው፦ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ዘመድ ሳይሰማ፣ ልዑል ሐንስን ባወቀችው ዕለት «እሺ፣ አገባሃለሁ»! ሐንስ ከሃዲ ሆኖ ሲገኝ «ብለን ነበር» አሉ። አባቶችን ያስደነቀቻቸው እህቷ፣ ባለ አስማቷ ኤልሳ ናት። አንድ ዘፈን ሳያልቅ፣ ተራራ ላይ፣ ያለ ካርታና ያለ ግንባታ ፈቃድ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት! ጨረቃ ቤት እንኳ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። አፍራሽ ግብረ ኃይል መቼ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ከተፍ ያለው ሐንስ ከነወታደሮቹ ነው፤ ያውም በሩ ላይ ቀይ ምልክት ሳይቀባ።